ፖሊስን ማን ይጠይቀው?

ባለፈው ዕትም በፖሊስና በነዋሪው መካከል ስለሚታየው አለመተማመን፣ የፖሊስ አባል ያልሆኑ ሰዎች ያሉበት ቦርድ ፖሊስን ስለሚጠይቅበት ሲቪል ቁጥጥርም አጭር ነገር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው አላባራም። ከድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከሳቢያን፣ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከለገሃሬ፣ ከሐረርም ጭምር ጽፋችኋል። አንዳንዱ ተናዶ፣ አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዱ ደግሞ ራሱ ዩኒፎርም ለባሽ ሆኖ። ሁሉንም ለማስተናገድ ቦታው አይበቃም፤ አምስቱን መርጫለሁ። የላኪዎቹንም የጣቢያዎቹንም ስም ትቼዋለሁ።

"ያው ለኛው ነው የምታመለክተው" አለኝ

"አቦ፣ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሰው አድርሼ ስመለስ አስቆሙኝ። መንጃ ፈቃድ አሳየሁ፣ ሊብሬ አሳየሁ። አንዱ 'ምን ታፈጥብኛለህ' ብሎ በጥፊ አጮለኝ። ጣቢያ ወሰዱኝ፣ እዚያው አደርኩ፣ ጠዋት 'ሂድ' አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም፣ የፈረምኩት ወረቀትም የለም። ላመለክት ተመልሼ ስሄድ በር ላይ ያለው ልጅ 'ያው ለኛው ነው የምታመለክተው' ብሎኝ ሳቀ። እውነቱን ነው መሰለኝ። ስለ ፖሊስ ለፖሊስ መናገር ምን ዋጋ አለው?" (ባጃጅ ነጂ፣ ከሳቢያን)

ወንድሜ፣ ከጥፊው ልጀምር። "አንድ ጥፊ ምን አላት" የሚልህ ሰው አይጠፋም። እኔ እንደዚያ አልልህም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም አንቀጽ 424 ላይ፣ የያዘውን ወይም የሚጠብቀውን ሰው የሚመታ፣ የሚያስፈራራ ወይም ክብሩን የሚነካ የመንግሥት ሠራተኛ በእስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ደንግጓል። ነገሩ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ያለ ሕግ መያዝና ማሰር ደግሞ አንቀጽ 423 ላይ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ወዲያው ሊነገረው ይገባል፤ ይሄ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ስለዚህ የደረሰብህ ነገር በሕግ ስም ያለው ጥፋት ነው፣ "ያጋጥማል" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ጻፍ። ዛሬውኑ፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያስቆሙህን ቦታ፣ የባጃጅህን ታርጋ፣ የመታህን ሰው መልክና ካወቅከው ማዕረጉን፣ ሌሊቱን አብሮህ ያደረ ሰው ካለ ማን እንደሆነ ጻፍ። ፊትህ ላይ ወይም ጆሮህ ላይ ምልክት ካለ ሐኪም ቤት ሂድና የሕክምና ማስረጃ ያዝ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገባ ሌላው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርግ። ይሄን ነገር አደራ አትናቀው። ያለ ገቢ ቁጥር የገባ ማመልከቻ "አልደረሰንም" ለማለት በጣም ቀላል ነው። ቁጥር ያለው ወረቀት ግን የሆነ ቀን አንድ ሰው መልስ እንዲሰጥበት ያስገድዳል።

ማመልከቻውንም ለጣቢያው ብቻ አትስጥ። ለጣቢያው የበላይ አካል አድርስ፣ ግልባጭ ለዐቃቤ ሕግ። ከፖሊስ ውጭ ያሉ ሁለት ተቋማትም አሉ፤ ሁለቱም በ1992 በአዋጅ የተቋቋሙ ናቸው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲህ ያለውን በደል ተቀብሎ የመመርመር ሥልጣን አለው። ተጠሪነቱም ለፓርላማው ነው፣ ለፖሊስ አይደለም። የእንባ ጠባቂ ተቋሙ ደግሞ የአስተዳደር በደልን ያያል፤ "ማመልከቻ አስገብቼ መልስ ከለከሉኝ" የሚል ቅሬታ በደንብ እዚያ ይሄዳል።

እና በር ላይ ያገኘኸው ልጅ ያለህ ነገር? ግማሹ እውነት ነው፣ እሱም ነው የሚያሳዝነው። አብሮ ሮንድ የሚወጣ፣ አብሮ የሚያድር፣ ነገ ደግሞ ጓደኛው እንዲሸፍንለት የሚፈልግ ሰው ጓደኛውን መርምር ሲባል ምን ያህል ይመረምራል? እሺ፣ በጣም ሐቀኛ መርማሪ ነው እንበል። በትክክል መርምሮ "ጥፋት አላገኘሁም" ቢልህ ታምነዋለህ? አታምነውም። እኔም አላምነውም። ሐቀኛው መርማሪ ራሱ የሚታመንበት መንገድ የለውም፤ የድካሙ ውጤት ከውሸታሙ ጋር አንድ ላይ ይጣላል። በከተማችን ጎድሏል የምለው ይሄ ነው። ቅሬታን የሚቀበል፣ ከፖሊስ ደሞዝም ትዕዛዝም የማይጠብቅ፣ ሰው በእግሩ ሄዶ የሚያገኘው አካል ድሬ ላይ ያስፈልገናል።

ልጄን ማየት ይከለክሉኛል?

"ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ሆኖ ያዙት። ምግብ ተቀበሉኝ፣ እሱን ግን አላሳየንም አሉ። ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ክፍል ነው ያለው አለኝ አንዱ ልጅ። ምን ልበላቸው?" (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

እናቴ፣ ይሄ እስኪታተም ልጅዎ ቤቱ ገብቶ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ለሌላ እናት ይጠቅማል ብዬ ነው የማወጣው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው። አንቀጽ 36 ደግሞ ጥፋት ፈጽሟል የተባለ ልጅ ከአዋቂዎች ተለይቶ መያዝ እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ሁለቱንም ይጠይቁ፤ "ላየው"፣ "ለዩልኝ"።

ከዚያ የተያዘበት ሰዓት መዝገብ ላይ ስንት ተብሎ እንደሠፈረ ይጠይቁ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው፤ ድሬ ውስጥ ደግሞ ይሄ ምክንያት አይሆንም። ቢዘገይ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ልጁን ያሰረውን አካል "አቅርብ፣ ለምን እንዳሰርከውም አስረዳ" ብሎ ያዛል። ወንድም ወይም ሌላ ዘመድም ሊያመለክት ይችላል።

እኛ አለን አይደል?

"ዕድሜዬ ገፍቷል፣ መጋላ ነው የኖርኩት። በሰፈራችን የማህበረሰብ ፖሊስ ስብሰባ ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ኮማንደሩ ስለ ሌብነቱ ይነግረናል፣ እኛም መብራት የሌለውን መንገድ፣ የተጠራጠርነውን ቤት እንነግረዋለን። ጥሩ ነው፣ ጠቅሞናል። አሁን ሲቪል ቁጥጥር የምትለው ምንድን ነው? እኛ አለን አይደል? ካልሆነም ሽማግሌ አለ፣ አባ ገዳ አለ፣ የሶማሌው የጎሳ መሪ ኡጋዝ አለ። ፖሊስና ልጅ ሲጋጩ ስንት ጊዜ አስታርቀናል።" (የሰፈር ሽማግሌ)

አባቴ፣ የእርስዎን ደብዳቤ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስብሰባው ላይ ባይቀመጥ ኖሮ ብዙ ነገር ይበላሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስብሰባው ላይ "በዚህ ሩብ ዓመት በእኛ ሰፈር በፖሊስ ላይ ስንት ሰው ቅሬታ አቀረበ? እያንዳንዱስ ምን መልስ አገኘ?" ብሎ የጠየቀ አለ? ቢጠየቅስ በቁጥር ይመለስ ነበር?

ስብሰባው የሚጠራው በፖሊስ ነው። ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው ፖሊስ ነው። ማን ይጠራ የሚለውን ቀበሌው ይወስናል። አጀንዳው ሌባው ነው፤ ፖሊሱ ራሱ አጀንዳ ሆኖ አያውቅም። በጥፊ የተመታው ባጃጅ ነጂ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚያድረው ልጅ፣ ታይዋን ገበያ ላይ ዕቃዋ የተወሰደባት ሴት አዳራሹ ውስጥ የሉም። እዚያ የምንቀመጠው ፖሊስ ሲያየን ሰላም የሚለን ሰዎች ነን። ስለዚህ የማህበረሰብ ፖሊስ ሌባን ለመያዝ ይጠቅማል፣ ይቀጥል። ፖሊስን መጠየቅ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ወንበርም ይፈልጋል።

ሽምግልናውን በተመለከተ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሽማግሌ ሲገባ ልጁ ይቅር ይላል፣ ፖሊሱም ትከሻ ይስማል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። መልካም። ግን ሽምግልና አይመዘገብም። በሚቀጥለው ወር ያው ፖሊስ ሌላ ሰፈር ሌላ ልጅ ቢመታ፣ የዚያ ሰፈር ሽማግሌዎች የመጀመሪያው ጥፋቱ ይመስላቸዋል። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው የሚያውቅ የለም። ቅሬታን አንድ ቦታ የሚሰበስብ አካል ሲኖር ግን የአንድ ሰው ስም አምስት ጊዜ ሲመጣ ይታያል፣ አንድ ጣቢያ ላይ ቅሬታ ሲበዛም ይታያል። ያኔ ጥፋቱ የግለሰቡ ነው ወይስ የአዛዡ የሚለው ጥያቄ መነሳት ይጀምራል። እርቁ ለሁለቱ ሰዎች ይሁን። መዝገቡ ግን ለከተማው ያስፈልጋል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ ላሉት፣ ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤት ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ እስከ 2008 በዘለቀው ብጥብጥ ፖሊስ ራሱ ብዙ ሰው ገድሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት መጣ፣ በ2011 ደግሞ ፖሊስን የሚቆጣጠር ነጻ ባለሥልጣን በሕግ ተቋቋመ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይፖአ ይሉታል። ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ፖሊስ ለዚህ አካል ማሳወቅ አለበት፤ የሚመረምሩትም የራሱ መርማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ክዋሌ በሚባል የባሕር ዳርቻ አውራጃ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቤቷ ውስጥ በፖሊስ ተገደለች። አይፖአ መረመረ፣ በ2016 ሁለት ፖሊሶች የ7 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንድ መምህርና ብሎገር ናይሮቢ ውስጥ ጣቢያ ሞተ። ፖሊስ "ራሱን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ነው" አለ። የአስከሬን ምርመራው ግን ጭንቅላቱ ላይ የድብደባ፣ አንገቱ ላይ የመታነቅ ምልክት አሳየ። በዚያው ወር የጣቢያው አዛዥ ጭምር በግድያ ተከሰሰ። ከፖሊስ ውጭ የሚመረምር ባይኖር የግድግዳው ወሬ የመጨረሻው ቃል ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይሄን ስል ኬንያ ችግሯን ፈታች ማለቴ አይደለም። ከሚቀርበው ቅሬታ ጋር ሲነጻጸር ፍርድ ያገኘው በጣም ጥቂት ነው፣ በሰልፍ ላይ የሚገደል ሰውም አልቀረም። ፖሊሶች ቃል አንሰጥም ይላሉ፣ ሰነድ ይዘገያል። ቦርድ ተሰይሞ በጀትና ጥርስ ከሌለው ሰው ይበልጥ ተስፋ ይቆርጣል። ለዚህ ነው ደቡብ አፍሪካዎች በሕጋቸው ላይ ቀነ ገደብ ያስገቡት። እዚያ ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት፣ ድብደባ ወይም አስገድዶ መድፈር ሲኖር፣ የሚመለከተው የፖሊስ ኃላፊ ወዲያው ለነጻው መርማሪ ማሳወቅ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም የጽሑፍ ሪፖርት መላክ አለበት። መርማሪው በፖሊሱ ላይ የዲሲፕሊን እርምጃ ይወሰድ ካለ ደግሞ ፖሊስ በ30 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ቁጥሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን "እያየነው ነው" ለሚለው መልስ በር የሚዘጋው እሱ ነው።

ለድሬ በይበልጥ የሚቀርበኝ የሰሜን አየርላንድ ታሪክ ነው። እዚያ ካቶሊኩ ሕዝብ ፖሊስን የሌላው ወገን፣ የፕሮቴስታንቱ፣ ፖሊስ አድርጎ ነበር የሚያየው። እውነትም ከፖሊሱ ውስጥ ካቶሊክ ከመቶ 8 ገደማ ብቻ ነበር። ከሰላም ስምምነቱ በኋላ ሁለት ነገር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የፖሊስ እንባ ጠባቂ ከፈቱ፤ ሕዝቡ በፖሊስ ላይ የሚያቀርበውን ቅሬታ የሚመረምሩት የራሱ ሰዎች ሆኑ። ከ2001 እስከ 2011 ደግሞ አዲስ ምልምል ከካቶሊኩና ከሌላው ግማሽ በግማሽ እንዲሆን አደረጉ፣ የካቶሊኩ ድርሻ ወደ 30 ከመቶ ደረሰ። የሚቆጣጠረው አካል ብቻ ሳይሆን ጣቢያ ስትገባ የሚቀበልህ ፊትና ቋንቋም ለውጥ ያመጣል። ድሬ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ፣ የሐረሪ ተናጋሪ ከተማ ናት። የቅሬታ ቅጹ በአማርኛ ብቻ መሆን የለበትም። ሶማልኛ ብቻ የምትናገር እናት ቅሬታዋን ለማስጻፍ ጣቢያው በር ላይ ሰው መለመን የለባትም።

ታዲያ ለከተማችን ምን ይሁን? የእኔን ሐሳብ ልንገርዎት። ድሬዳዋ በቻርተር የሚመራ፣ በነዋሪው የሚመረጥ ምክር ቤት አላት። በፖሊስ ላይ የሚቀርብ ቅሬታን የሚያየው ነጻ ቦርድ ለዚያ ምክር ቤት ተጠሪ ይሁን። አባላቱ የፓርቲ ሰው፣ የፖሊስ ባልደረባ ወይም የቀበሌ ሹም አይሁኑ። የሕግ ባለሙያ፣ ሐኪም፣ ከየሃይማኖቱ የተከበረ ሰው፣ የወጣት ተወካይ፣ ሴቶች በቁጥር በርከት ብለው፣ አራቱንም ቋንቋ የሚሰሙ ሰዎች ይኑሩበት። ሳያስነግሩ ጣቢያ ገብተው መዝገብ የማየትና የታሰረውን ሰው ለብቻው የማነጋገር ሥልጣን ይኑራቸው። ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ በ2012 በተሻሻለው አዋጅ ማረፊያ ቤቶችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ስላለው ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይሆንም። ቦርዱ የሰጠውን ምክረ ሐሳብ ፖሊስ ካልተቀበለው ምክንያቱን ጽፎ ይመልስ፣ ያ መልስም ለሕዝብ ይውጣ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ውሳኔ አገሮች ሲቪሎች የሚሳተፉበት ነጻ የፖሊስ መቆጣጠሪያ እንዲያቋቁሙ አሳስቧል።

አባቴ፣ እርስዎን እዚያ ወንበር ላይ ባይዎት ደስ ይለኛል። ግን ኮማንደሩ የጠራዎት ሆነው ሳይሆን ኮማንደሩን የሚጠሩት ሆነው።

እኛንስ ማን ይሰማናል?

"እኔ ሳጅን ነኝ። በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቆመን እንውላለን፣ ሌሊት ሮንድ አለ። ደሞዙን ታውቀዋለህ። ኮንትሮባንድ ስንይዝ ድንጋይ ይወረወርብናል። አሁን ደግሞ ማንም እየተነሳ ሊከሰን ነው? ሌባው ራሱ 'ደበደቡኝ' ብሎ ይጀምራል። የሌባ ጠበቃ አትሁን። እኛን ማን ይሰማናል?"

ወንድሜ ሳጅን፣ የመጨረሻውን ጥያቄህን በቁም ነገር ነው የምይዘው። ትክክል ነህ፣ የሚሰማችሁ የለም። ፈረቃ ሲደራረብ፣ አበል ሲቀር፣ አዛዥ ያለ አግባብ ሲያንገላታ የምታመለክተው ለዚያው አዛዥ ነው። የባጃጅ ነጂው ችግርና የአንተ ችግር አንድ ነው። ኬንያዎች ይሄን አይተው ነው የአይፖአ ሕግ ላይ ከፖሊስ አባላት የሚመጣንም ቅሬታ እንዲቀበል ያደረጉት። የእኛም ቦርድ ይሄ ሥልጣን ይኑረው እላለሁ።

የሐሰት ክስ ይመጣል ላልከው፣ ይመጣል። አሁንም አለ። አሁን ግን በሐሰት ስትከሰስ የሚያጸዳህ አለቃህ ነው፣ አለቃህ ቢያጸዳህ ደግሞ ሰፈሩ "ተሸፋፈኑ" ይልሃል። ስምህ አይመለስም። ከውጭ ያለ ሰው መርምሮ "ይሄ ሳጅን አልመታም" ቢል ግን ቃሉ ክብደት አለው። ስለዚህ ደንቡ አንተንም መጠበቅ አለበት። የተከሰስክበትን በጽሑፍ ማወቅ፣ መልስ መስጠት፣ ምስክር ማቅረብ፣ ውሳኔውን ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ማግኘት አለብህ። ዓመት ሙሉ የተንጠለጠለ ቅሬታ የማዕረግ ዕድገትህን እንደሚያበላሽብህ ይገባኛል።

ስለ ሌባው ደግሞ ይሄን አስብ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል በማስረጃነት አይቀርብም ይላል። በዱላ የተገኘ ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ ይወድቃል፣ ሌባውም ይወጣል። ከዚያ ይልቅ የሚጎዳህ ግን ምስክር ማጣት ነው። ገበያ መሃል ቦርሳ ሲነጠቅ ያየው ሰው ስንት ነው? ጣቢያ መጥቶ ቃሉን የሚሰጠውስ? አሸዋ ገበያ ላይ ሱቅ ያለው ሰው በዓይኑ አይቶ "አላየሁም" የሚለው ሌባውን ወዶ አይደለም። ጣቢያ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ስለማያውቅ ነው። አንተ ላብህን አፍስሰህ የያዝከው ሰው ምስክር ጠፍቶ ሲለቀቅ፣ ያን ምስክር ያሸሸው ምናልባት ባለፈው ወር በጥፊ ያጮለው ባልደረባህ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ይመጣል። "ዛሬ ከዚህ ሰፈር ያገኛችሁትን ወጣት አምጡ" ተብሎ አፈሳ ሲወጣ የሚሰደበው መኪናው ላይ የቆመው ኮንስታብል ነው፣ ያዘዘው ሰው ስሙም አይነሳም። ነጻ መርማሪ ግን ትዕዛዙን ማን ሰጠ ብሎ ይጠይቃል። ይሄ የሚጠቅመው ታች ያሉትን ነው፣ አንተን።

ሐረር ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል

"እኔ የምኖረው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። የምትለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ጋ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ዛሬ ያመለከትኩት ነገር ነገ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይወራል። ፖሊሱ የአክስቴ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ቦርዱ እስኪመጣስ ዝም ብለን እንቀመጥ?" (ተማሪ፣ ከሐረር)

እህቴ፣ ያነሳሽው ነገር ከሁሉም ከባዱ ነው፣ ድሬም ላይ ቢሆን። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው የሚፈራው ሕጉን አይደለም፣ የሚያፍረውና የሚፈራው ጎረቤቱን ነው። ስለዚህ ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ከጣቢያው ግቢ ውጭ መሆን አለበት። በስልክ መቀበል፣ ዘመድ ወይም ጠበቃ ወክሎ እንዲያመለክት መፍቀድ፣ ስም እንዲደበቅ የጠየቀን ሰው ስም መደበቅ ያስፈልጋል። አመልክቶ የተበቀሉት ሰው ካለም በቀሉ ራሱ እንደ ሌላ ከባድ ጥፋት ይታይ። አንድ ጣቢያ በር ላይ የአስተያየት ሳጥን አይቻለሁ፤ ዘበኛው ከጎኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ቁልፉም ዝጓል። እዚያ ውስጥ ወረቀት የሚከት ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

እስከዚያው ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ጓደኞችሽን ሰብስቢ፣ አፎቻ (የሐረሪ መረዳጃ ማህበር) ውስጥ ያሉትን እናቶች ጨምሪ፣ እነሱ ካሉበት ማንም ሰው "ጥቂት ረባሽ ወጣቶች ናቸው" ሊል አይችልም። በሚቀጥለው የማህበረሰብ ፖሊስ ስብሰባ ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዛችሁ ግቡ። ክስም ስድብም አይኑርበት። ጥያቄ ብቻ፤ ባለፉት ሦስት ወራት በፖሊስ አባላት ላይ ስንት ቅሬታ ቀረበ፣ ስንቱ ተመረመረ፣ ስንቱ ላይ እርምጃ ተወሰደ፣ አመልካቹስ መልሱን በስንት ቀን አገኘ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ስለሚል ጥያቄው ድፍረት አይደለም። የማንንም ፖሊስ ስም አትጠይቁ፣ ቁጥሩ ይበቃል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጉት፣ የእናንተው ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር ይኑር፣ አንድ ግልባጭም ለክልሉ ምክር ቤት ስጡ።

የድሬ አንባቢዎችም እንዲሁ አድርጉ። መልስ ሲመጣላችሁ ኮፒውን ላኩልን፣ ቁጥሩን እንዳለ እናትመዋለን። በወር ውስጥ መልስ ካልመጣም የገቢ ቁጥሩንና ያስገባችሁበትን ቀን ጻፉልን፤ እሱንም እናትመዋለን።